ሪጀል ይለዋወጣል ወይስ ያታልለናል?

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን አካባቢ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከገና ጀምሮ ማታ ማታ፣ ከሦስቱ ተደርድረው ከሚታዩት ኮከቦች አጠገብ ያለውን ሰማያዊ ነጭ ኮከብ፣ ሪጀልን፣ ስከታተል ቆይቻለሁ። አንድ ሰሞን ደምቆ፣ ሌላ ሰሞን ደብዝዞ ይታየኛል። አንዳንድ ምሽት ደግሞ ቀይና አረንጓዴ እየረጨ ይርገበገባል። ተለዋዋጭ ኮከብ መሆኑን አንብቤያለሁ። የማየው ለውጥ የኮከቡ ነው? ከሆነስ ምን ይለዋውጠዋል? ተማሪዎቼ ደግሞ ‹ሊፈነዳ ነው ወይ?› እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጥተውኛል።»

መምህር፣ ጥያቄዎን ሳነብ ፈገግ ብያለሁ። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርዎታለሁ። ቀጥታ ወደ መልሱ ስገባ፣ ሪጀል ተለዋዋጭ ኮከብ መሆኑ እውነት ነው፤ እርስዎ ያዩት ለውጥ ግን በአብዛኛው የሪጀል አይደለም። የኮከቡ የራሱ ለውጥ ዓይን ሊይዘው የሚቸገር ትንሽ ነገር ነው። ይህ ትንሽ ነገር ግን የኮከቡን ሆድ ዕቃ የምናይበት ብቸኛ ቀዳዳ ሊሆን ስለሚችል፣ እኔ በበኩሌ ሰማይ ላይ ካሉት ብልጭልጭታዎች ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ።

በቁጥር እንየው። የኮከብ ድምቀት የሚለካበት ማግኒቲዩድ የሚባለው መለኪያ ወደ ታች የሚቆጠር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ኮከቡ ይደምቃል። ሪጀል በ0.05 እና በ0.18 መካከል ይዋልላል። ወደ ቤታችን ብናመጣው፣ የ100 ሻማ አምፖል ወደ 89 ሻማ ወርዶ መልሶ እንደሚወጣ ማለት ነው። እሱም በአንድ ሌሊት አይደለም፤ በቀናትና በሳምንታት ነው። ሳሎን ያለው አምፖል በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያለ ይህን ያህል ቢደክም፣ ከቤተሰቡ ልብ የሚል ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

መርገብገቡና ቀለም መርጨቱ ደግሞ ከኮከቡ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ሪጀል ከእኛ እጅግ ስለሚርቅ በዓይን ሲታይ ስፋት የሌለው ነጥብ ነው። ከዚያ ነጥብ የሚመጣው ቀጭን የብርሃን ክር በሚናወጥ አየር ውስጥ ሲያልፍ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል፤ አንዴ ወደ ዓይንዎ ይሰበሰባል፣ አንዴ ይበተናል። ሰማያዊው ብርሃን ከቀዩ ትንሽ ይበልጥ ስለሚታጠፍ፣ ኮከቡ ዝቅ ብሎ ሲታይ ቀለሞቹ በየተራ ይደርሱዎታል። እንደ ጁፒተር ያሉ ፕላኔቶች የማይርገበገቡት በቴሌስኮፕ ሲታዩ ትንሽ ክብ ስለሆኑ ነው፤ የክቡ አንዱ ጎን ሲደበዝዝ ሌላው ጎን ይደምቅና ይካካሳል። ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ስለሆነች ከላይዋ ያለው አየር ስስ ነው፤ ይህ ጥሩ ነው። የአገሩን ነፋስ ግን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ከሰሞን ሰሞን የታየዎት መድመቅና መደብዘዝስ? ፈገግ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ተማሪ እያለሁ እኔም ይህንኑ አድርጌያለሁ። ከየካቲት መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ በየማታው ልክ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጣሪያ ላይ እየወጣሁ የሪጀልን ድምቀት ከሌሎች ኮከቦች ጋር እያስተያየሁ መዘገብኩ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳላዛንፍ። ሲያልቅ በግራፍ ወረቀት ላይ ሳሰፍረው፣ ቀስ እያለ የሚወርድ የሚያምር መስመር ወጣልኝ። ኮከቡ ከ0.3 ማግኒቲዩድ በላይ ደብዝዟል! ግኝት ያገኘሁ መስሎኝ እየሮጥኩ ለአማካሪዬ አሳየሁት። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አላየውም። «ስንት ሰዓት ላይ ነው ያየኸው?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። «ሁልጊዜ 3 ሰዓት» አልኩ በኩራት። «ችግሩ እሱ ነዋ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ኮከብ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይወጣል፣ 4 ደቂቃ ቀድሞ ይጠልቃል። በሁለት ወር ውስጥ ይህ 4 ሰዓት ይሆናል። የካቲት መግቢያ ላይ በ3 ሰዓት ወደ 70 ዲግሪ ከፍታ ላይ የነበረው ሪጀል፣ ሚያዝያ መግቢያ ላይ በዚያው ሰዓት ወደ 20 ዲግሪ ወርዶ ምዕራብ ላይ ያጋድላል። እዚያ ዝቅ ብሎ ሲታይ ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር ከአናት በላይ ካለው ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ነው፤ በዚያ ላይ የበጋው አቧራና የማገዶ ጭስ አለ። ስለዚህ በሁለት ወር የለካሁት የአዲስ አበባን አየር ነበር። ያገኘሁት «ለውጥ» ኮከቡ በእውነት ከሚለዋወጠው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። እርስዎም በአንድ ቋሚ ሰዓት የሚያዩ ከሆነ፣ ምናልባት እራት ከተበላ በኋላ፣ እዚሁ ወጥመድ ውስጥ ገብተው እንደሆነ እገምታለሁ። መፍትሔው ሰዓቱን ሳይሆን ከፍታውን አንድ ማድረግ ነው።

እንግዲህ አየሩን ወደ ጎን ትተን ወደ ራሱ ኮከብ እንሂድ።

ሪጀል ሰማያዊ ልዕለ ግዙፍ ከሚባሉት ከዋክብት አንዱ ነው። ክብደቱ ከፀሐይ 20 እጥፍ ገደማ ነው፤ የገጹ ሙቀት 12,000 ኬልቪን ያህል ሲሆን የፀሐይ ከዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሰማያዊ ነጭ መሆኑም ከዚህ የመጣ ነው፤ ብረት ቀጥቃጭ ሲያግለው ብረቱ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ወደ ነጭ ይሄዳል፤ ሪጀል ከዚያም አልፎ የሄደ ነው። ስፋቱ ከፀሐይ ከ70 እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ በፀሐይ ቦታ ብናስቀምጠው ገጹ አጣርድ ወይም ሜርኩሪ የምንላት ፕላኔት ወደምትዞርበት መንገድ ይጠጋል። የሚያፈሰው ብርሃን የፀሐይን 100 ሺህ እጥፍ ያልፋል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 120 ሺህ ነው። ይህ ቁጥር ከጥናት ጥናት ሰፋ ያለ ልዩነት አለው፤ ምክንያቱ የርቀቱ ነገር ነው። የተሻለው ርቀት የተገኘው ሂፓርኮስ ከተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ልኬት ሲሆን፣ 860 የብርሃን ዓመት ያህል ነው፤ ወደ 80 የብርሃን ዓመት ወዲህና ወዲያ ሊል ይችላል። ከዚያ በኋላ የመጣው ጋይያ የተባለው ሳተላይት ከቢሊዮን በላይ ከዋክብትን በሚያስደንቅ ጥራት ለክቷል፤ ሪጀልን ግን አልቻለም፤ ብርሃኑ መሣሪያውን ያሳውረዋል። ደብዛዛዎቹን ሚሊዮኖች አጥርተን አውቀን፣ ሕፃን ልጅ በጣቱ የሚጠቁመውን ኮከብ ርቀት እስካሁን መከራከራችን ሁሌም ያስቀኛል። ለማንኛውም ዛሬ ማታ ዓይንዎ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከሪጀል የተነሣው የዛጉዌ ነገሥታት ላስታ ላይ ሆነው ይገዙ በነበረበት ዘመን ገደማ ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ፤ ተማሪዎችዎ ይወዱታል ብዬ ነው። ሪጀል የዐረብኛ ቃል ነው፤ «ሪጅል አል ጀውዛ» ማለትም «የጀውዛ እግር» ከሚለው ተቆርጦ የቀረ። ጀውዛ በጥንት ዐረቦች ዘንድ ዛሬ ኦሪዮን የምንለው የከዋክብት ስብስብ ስም ነበር፤ ኋላ ስሙ ወደ ጎረቤቱ፣ ወደ መንትዮቹ ከዋክብት ተዛወረ። እኛ ዘንድ በሐሳበ ከዋክብት ከሐመልና ከሠውር ቀጥሎ የሚቆጠረው «ገውዝ» ያው ጀውዛ ነው። ስለዚህ «ኮከቤ ገውዝ ነው» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ፣ እግሩ ሪጀል ላይ ቀርቷል ማለት ይችላሉ።

ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ፤ ምን ይለዋውጠዋል?

ሪጀል አልፋ ሲግኒ ከሚባሉት ተለዋዋጮች ወገን ነው። ስያሜው የመጣው ከዴነብ ነው፤ ዴነብ የሲግነስ ወይም የይብራ ህብረ ኮከብ ደማቁ ኮከብ ሲሆን የዚህ ዓይነት ጠባይ ምሳሌ ተደርጎ ተወስዷል። ከሦስቱ ተደርዳሪዎች የመካከለኛው፣ አልኒላም፣ እሱም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። እነዚህ ከዋክብት እንደ ሳንባ ሙሉ በሙሉ ተነፍተው ሙሉ በሙሉ የሚሟሽሹ አይደሉም። ገጻቸው በክፍል በክፍል ይንቀሳቀሳል፤ አንዱ ወገን ሲያብጥ ሌላው ይጎደጉዳል፤ ብዙ ትርታዎች በአንድ ጊዜ ይደራረባሉ። ከበሮ አንድ ጊዜ ተመትቶ የሚሰጠው ድምፅ በውስጡ ብዙ ድምፆች እንዳሉት ሁሉ፣ የሪጀልም መዋለል የብዙ ትርታዎች ድምር ነው። አንዳንድ ጊዜ ትርታዎቹ ይገጣጠሙና ለውጡ ይጎላል፤ አንዳንድ ጊዜ ይጣሉና ኮከቡ ጸጥ ያለ ይመስላል። ለዚህ ነው «በየስንት ቀኑ ይደምቃል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር የማይሰጠው።

ይህንን ከመሬት ሆኖ መለካት አስቸጋሪ ነው። ቀን ይቋረጣል፣ ደመና ይመጣል፣ አየሩ እኔን እንደተጫወተብኝ ይጫወታል። ሌላው ችግር ደግሞ ሪጀል ለትልልቅ ቴሌስኮፖች ከመጠን በላይ ደማቅ መሆኑ ነው። እንጦጦ ላይ ያሉት የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ለደብዛዛ ነገር የተሠሩ ናቸው፤ ወደ ሪጀል ሲዞሩ ካሜራው ወዲያው ይጥለቀለቃል። ስለዚህ ሥራውን የሠራው ትንሽ መሣሪያ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2003 ያመጠቀችው ሞስት የተባለ ሳተላይት ከአንድ ሻንጣ ብዙም አይበልጥም፤ የመስታወቱ ስፋት 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ክብደቱ በ2019 ከመጠቀችው ከኢትዮጵያዋ ኢቲአርኤስኤስ 1 ሳተላይት እንኳ ያነሰ ነበር። ይህ ሻንጣ ሪጀልን 28 ቀን ያህል ሳይታክት አፍጥጦ አየው። በተጨማሪ ከመሬት የኮከቡ ገጽ ወደ እኛ ሲመጣና ሲርቅ የሚያሳየውን የፍጥነት ለውጥ ለ6 ዓመት የመዘገቡ ነበሩ። ሁለቱ ተጣምረው እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ጥናት 19 የትርታ ዓይነቶች ተለይተው ወጡ፤ ፈጣኑ በ1.21 ቀን አንዴ፣ ቀርፋፋው በ74.7 ቀን አንዴ የሚመታ።

ትርታውን የሚያስነሣው ኃይል ምንድን ነው ለሚለው ሁለት ሐሳብ አለ። አንደኛው በኮከቡ የላይኛው ክፍል ውስጥ፣ ሙቀቱ 200 ሺህ ኬልቪን ገደማ በሆነበት ጥልቀት፣ የብረት አቶሞች ብርሃንን የሚያፍኑበት ንብርብር አለ የሚል ነው። ድስት ላይ የተከደነ ክዳን ያስቡ። እንፋሎቱ ይታፈናል፣ ክዳኑን ያነሣዋል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ክዳኑ መልሶ ይወድቃል። ንብርብሩ ሲጨመቅ ይበልጥ ብርሃን ያፍናል፣ ሲታፈን ይነፋል፣ ሲነፋ ይለቃል። ሁለተኛው ሐሳብ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ በኮከቡ እምብርት ዙሪያ ሃይድሮጂን እየተዋሐደ ወደ ሂሊየም የሚለወጥበት ቀጭን ቅርፊት አለ፤ ያ ምድጃ ሲጨመቅ ይበልጥ ይነድዳል፣ ሲላላ ይበርዳል፣ ይህም ራሱ ትርታን ሊያስነሣ ይችላል የሚል ነው። የ2012ቱ ጥናት አዘጋጆች ሁለተኛውን ለአንዳንዶቹ ቀርፋፋ ትርታዎች እጩ አድርገው አቅርበውታል። እኔ ሁለቱም በየድርሻቸው ይሠራሉ የሚለው ይቀለኛል።

ከትርታው በላይ ደግሞ ነፋስ አለ። ሪጀል ከገጹ ላይ ጋዝ ያለማቋረጥ ወደ ጠፈር ይነፍሳል፤ ከፀሐይ ነፋስ ጋር ሲነጻጸር 10 ሚሊዮን እጥፍ ገደማ። ብርሃኑን በትነን ቀዩን የሃይድሮጂን መስመር ስናይ፣ አንድ ሰሞን ጨለማ፣ ሌላ ሰሞን ብሩህ፣ ሌላ ጊዜ ግማሽ ጨለማ ግማሽ ብሩህ ሆኖ እናገኘዋለን። አንዳንዴ ከኮከቡ የወጣው ጋዝ መልሶ ወደ ኮከቡ የሚወድቅ የሚመስልበት ጊዜም አለ። እንግዲህ በዓይን ሲታይ የማይነቃነቅ የሚመስለው ሪጀል፣ በስፔክትረም ሲታይ ዕረፍት የሌለው ነው።

ሰማያዊ ልዕለ ግዙፎች ሁሉ እንደ ሪጀል ጨዋ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1600 ቪለም ብላው የተባለ ሆላንዳዊ ካርታ ሠሪ በሲግነስ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልተመዘገበ 3ኛ ደረጃ፣ ማለትም 3 ማግኒቲዩድ ገደማ የሆነ፣ ኮከብ አየ። ዛሬ ፒ ሲግኒ እንለዋለን። በ1626 ገደማ ከዓይን ተሰወረ፣ በ1655 እንደገና መጣ፣ ደግሞ ደበዘዘ፤ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ 5ኛ ደረጃ አካባቢ ተረጋግቶ በዓይን ለጥቂት ይታያል። ያ በፍንዳታ መሰል ትፋት ገላውን የሚገፍፍ ኮከብ ነው። ተማሪዎችዎ «ሰማያዊ ግዙፍ ኮከብ ባንድ ጊዜ ሲደምቅ በዓይን ታይቶ ያውቃል ወይ?» ካሉዎት ምሳሌው እሱ ነው፤ ሪጀል ግን እንዲህ ሲያደርግ አልታየም።

አሁን እኔን እንቅልፍ ወደሚነሳኝ ክፍል ደርሰናል። ሪጀል ወዴት እየሄደ ነው?

እንዲህ ያለ ከባድ ኮከብ ዕድሜውን የሚጀምረው በእምብርቱ ሃይድሮጂን እያነደደ ነው። ያ ሲያልቅ ይነፋና ይቀዘቅዛል፤ ሰማያዊ ሆኖ ጥቂት ቆይቶ ወደ ቀይ ልዕለ ግዙፍነት ይሄዳል። ጎረቤቱ ቤተልጌውስ ዛሬ እዚያ ደረጃ ላይ ያለ ነው። አንዳንዶቹ ግን ቀይ ሆነው ብዙ ገላ ከጣሉ በኋላ መልሰው ይሞቃሉ፣ ሰማያዊም ይሆናሉ። ሪጀልን ከውጭ ስናየው ሰማያዊ ነው፤ ነገር ግን ወደ ቀይነት እየሄደ ያለ ነው ወይስ ደርሶ እየተመለሰ? መንገድ ላይ የቆመ መኪና ፎቶ አይቶ መሄዱን ወይም መመለሱን እንደመናገር ያለ ነገር ነው።

ትርታው እዚህ ይረዳናል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይኦ፣ ጆርጂና ሜኔ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሰሉት ስሌት የሚለው ይህን ነው፤ ገና ወደ ቀይነት እየሄደ ያለ ኮከብ እንደ ሪጀል ባለ ሙቀት ላይ ሲደርስ እምብዛም አይመታም፤ ቀይ ሆኖ የተመለሰ ግን ድምቀቱን ይዞ ክብደቱን ስለጣለ ለትርታ የተመቸ ይሆናል፤ የትርታዎቹም ዓይነት ከሪጀልና ከዴነብ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ሪጀል ተመላሽ ነው። ጥሩ! ችግሩ ተመላሽ ኮከብ በገጹ ላይ ብዙ ናይትሮጂን ሊታይበት ይገባል፤ ከውስጥ የተበሰለው ነገር ተማስሎ ወደ ላይ ስለሚወጣ። የሪጀል ገጽ ናይትሮጂን አለው፤ ግን ስሌቱ የሚጠብቀውን ያህል አይደለም። ትርታው «ተመልሻለሁ» ሲል፣ ናይትሮጂኑ «ገና ነኝ» አለ።

በቀጣዩ ዓመት እነዚሁ ሰዎች በኮከቡ ውስጥ ጋዝ መቼ እንደሚንተከተክ የሚወስኑበትን መስፈርት ቀይረው ደግመው ሲያሰሉ ልዩነቱ በጣም ጠበበ። እኔ ሪጀል ተመላሽ ነው ወደሚለው አዘነብላለሁ። ግን ልብ ይበሉ፤ መልሱ የተለወጠው ሰማዩን እንደገና በማየት አልነበረም፤ ስለ መንተክተክ ያለንን ግምት በመቀየር ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ በሙሉ ልብ ለመማል አልደፍርም። የሚፈርደው ተጨማሪ የትርታ ልኬት ይመስለኛል። ኦስትሪያ፣ ካናዳና ፖላንድ በጋራ ያመጠቋቸው ብራይት የተባሉ 20 ሴንቲ ሜትር ጎን ያላቸው ኩቦች ለዚህ ዓይነት ሥራ ነው የተሠሩት፤ መጀመሪያ ያነጣጠሩትም ወደ ኦሪዮን ነበር። የቴሌስኮፓቸው ስፋት 3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከአንድ አቅመኛ ባይኖኩላር መነጽር ያነሰ!

ወደ ፍንዳታው ልሂድ፤ ተማሪዎቹ የሚጠብቁት ይህን ነውና። አዎ፣ ሪጀል መጨረሻው ሱፐርኖቫ ነው። «ሰማያዊ ሆኖ ሳለ ሊፈነዳ ይችላል?» ለሚለው ከ1987 በፊት ብዙዎች አይችልም ይሉ ነበር፤ የሚፈነዱት ቀዮቹ ናቸው ተብሎ ይታሰብ ስለነበር። እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 1987 ትልቁ የማጄላን ደመና በተባለው ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ ኮከብ ፈነዳ፤ የቆዩ ፎቶዎች ሲገለበጡ ፈንድቶ የጠፋው ሰማያዊ ልዕለ ግዙፍ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ቀለሙ ለሪጀል ዋስትና አይሆነውም። ጊዜውን በተመለከተ ግን ዕድሜው 8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ የቀረው በመቶ ሺዎች ወይም ከዚያም በላይ በሆነ ዓመት የሚቆጠር ነው። አሁን ያለው ትርታ የፍንዳታ ምልክት አይደለም፤ የጤነኛ ኮከብ ትርታ ነው። ቢፈነዳም 860 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ሆኖ ጉዳት አያደርስብንም፤ የሚያሰጋው በጥቂት አስርት የብርሃን ዓመታት ውስጥ ያለ ነው። የሚሆነው፣ የአጥቢያ ኮከብ የምንላትን ቬነስን ከመቶ እጥፍ በላይ የሚያስከነዳ፣ ጥላ የሚያጥል፣ በቀን ሳይቀር የሚታይ ነጥብ ለሳምንታት ሰማይ ላይ መቀመጡ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ፣ ለተማሪዎችዎ ምን ያሠሯቸው? ሪጀልን በዓይን መለካት ድካም ብቻ ነው፤ የዓይን ግምት ከ0.1 ማግኒቲዩድ ብዙም ስለማይሻል ለውጡ ስህተቱ ውስጥ ይሰምጣል። ይልቅ ሪጀልን መለኪያ አድርገው ቤተልጌውስን ያስመዝግቧቸው። እሱ በዓይን የሚታወቅ ለውጥ አለው፤ በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ እስከ 1.6 ማግኒቲዩድ ድረስ ወርዶ ዓለምን ጉድ አሰኝቷል፤ በኋላ እንደታየው ራሱ የተፋው አቧራ ጋርዶት ነበር። ይህን የማወዳደር ሥራ የጀመረው ሰው ደግሞ የሠራው እዚሁ አፍሪካ ላይ ነው። ጆን ኸርሸል በ1830ዎቹ ከደቡብ አፍሪካ ኬፕ ሆኖ ሰማዩን ሲመዘግብ የቤተልጌውስን መለዋወጥ አስተዋለ፤ በጥቅምት 1837 ቤተልጌውስ ሪጀልን በድምቀት በልጦት አየው። የሚገርመው፣ በ1781 ከሪጀል ጎን የተለጠፈችውን ትንሽ ኮከብ መጀመሪያ ያየው አባቱ ዊልያም ኸርሸል ነበር። አባት የሪጀልን ጓደኛ አገኘ፣ ልጅ ተቀናቃኙን። ያቺ ጓደኛ፣ ሪጀል ቢ፣ ራሷም ከአንድ በላይ ኮከብ ናት፤ ከዋናው ኮከብ በ400 እጥፍ ያህል ስለምትደበዝዝ ለማየት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ መስታወት ያለው ቴሌስኮፕና ረጋ ያለ አየር ይፈልጋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በከተራ ሌሊት ታቦቱ ካደረበት ሜዳ ላይ ሆነው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ቢዞሩ፣ ቤተልጌውስ ከሞላ ጎደል አናትዎ ላይ ነው፤ ከሦስቱ ተደርዳሪዎች አልፎ ወደ ቀኝና ወደ ታች ያለው ሪጀል ነው፤ ከፍታው 72 ዲግሪ ያህል። ያን ጊዜ ሁለቱም ከፍ ብለው ስለሚገኙ አየሩ አያዳላም። በየሳምንቱ ያንኑ ከፍታ ይዘው ለማየት፣ ሰዓቱን በሳምንት ግማሽ ሰዓት ያህል እያስቀደሙ ይሂዱ። 0 ማግኒቲዩድ አካባቢ ያለውን ካፔላን፣ 0.4 አካባቢ ያለውን ፕሮሲዮንና 0.9 አካባቢ ያለውን አልደባራን በተጨማሪ መሰላል አድርገው ይጠቀሙ፤ ቤተልጌውስ በየትኛዎቹ መካከል እንደሚወድቅ እያንዳንዱ ተማሪ ሌላውን ሳያይ ለብቻው ይጻፍ። ቀዩን ኮከብ ሲያዩ አያፍጥጡበት፤ ቀይ ብርሃን ባፈጠጡበት መጠን እየደመቀ የሚሄድ ይመስላል፤ ቶሎ አይቶ ዓይንን ማንሳት ነው። መዝገቡ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ደመናና ጨረቃ ይኑርበት። ሚያዝያ ላይ ኦሪዮን ወደ ምዕራብ ማጋደል ሲጀምር ደብተሩን ዝጉ፤ በመስከረም እኩለ ሌሊት ገደማ በምሥራቅ ብቅ ሲል፣ የሚነሳ ተማሪ ካገኙ፣ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።